የጋሽ አራት ጣት ዝቅተኛ መኪና

ጋሽ አራት ጣት በግቢው መካከል ተንበርክከዋል። የቀኝ እጃቸውን አራት ጣቶች ገጥመው ከመኪናቸው ሆድ ሥር ያስገባሉ፤ ያወጣሉ፤ ትንሽ ፈቀቅ ብለው እንደገና ያስገባሉ። የግራ እጃቸውም ሥራ አልፈታም፤ እርጥብ ጨርቅ ይዞ የመኪናዋን በር ይወለውላል። ጣቶቹ ሳይጠብባቸውና ሳይሰፋባቸው ሲገቡ “አለች” ይላሉ ለራሳቸው። “አራት ጣት። ልክ ናት።” ትናንትም ለክተዋት ነበር። ከትናንት ወዲህ መኪናዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ጋ መኪናዋ ነጭ ናት፣ ሌላው ጋ ቀይ ናት፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። ሌላው ሕዝብ መሄጃ ስላለው መኪና ይፈልጋል። እሱ መኪና ስላለው መሄጃ ይፈልጋል፤ መሄጃው ሲገኝለት ደግሞ መንገዱን አይወደውም። ጠጠር ካየ ወርዶ ያነሣል። ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ካየ ተመልሶ በሌላ ሰፈር ይዞራል። ከተማው በሙሉ ተሳስቶ አንዲት መኪና ብቻ ትክክል ልትሆን እንደምትችል ከልቡ ያምናል።

የዚህ ሰፈር ድርሻ ጋሽ አራት ጣት ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ሆነው ከቤት ቤት በእግራቸው ሲዞሩ ኖሩና ጡረታ ወጡ፤ በወጡ በሳምንቱ በዕድሜ ከእሳቸው ጥቂት ብቻ የምታንስ ጥቁር አረንጓዴ መኪና ገዙ። ስሙን ያወጣላቸው የሰፈሩ ሰው ነው። ፊት ለፊት ግን ማንም አይደፍርም፤ “ጋሼ” ነው የሚሏቸው። ታናሽ እህታቸው፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጧት፣ “ወንድም ጋሼ” ትላቸዋለች፤ አንቱታውንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ አጉድላ አታውቅም። በዚህ ምክንያት ስትበሳጭባቸው እንኳን በክብር ነው የምትበሳጨው።

ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን ከቀበሩ ወዲህ አንድ ቤት ይኖራሉ። እህትየዋ ለአንድ ልብስ ሰፊ የተማሪ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች። በስፌት መኪና የተሠራ ቀዳዳ ቶሎ ይተረተራል፤ የእሷ ግን ሸሚዙ አልቆ ጨርቅ ሲሆን እንኳን እንዳለ ይቀራል ይሉላታል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጣ፤ ግራው ባሰ። ክሩን በምላሷ አርሳ፣ መርፌውን ከመስኮቱ ፊት ይዛ፣ ሰባት ስምንት ጊዜ ስትሞክር ትቆያለች። ባለፈው ክረምት ደግሞ የአሥራ አንድ ሸሚዝ ቀዳዳ በተቃራኒው ወገን ሠርታ ላከች። ልብስ ሰፊው አልተቆጣትም። “ዓይንሽን እስክትታከሚ ሥራው ትንሽ ይቆይሽ” አላት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ሐኪም ቤቱ ግራ ዓይኗን ቀዶ ለማከም ቀጠሮ ሰጣት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የመኪናዋ ነገር የመጣው።

መኪናዋ እንደ ማንኛዋም መኪና ከፍ ብላ ነበር የገባችው። አንድ ቀን ክቡርነታቸው ጋሽ አራት ጣት ጸጉራቸውን ሊስተካከሉ ሄደው፣ ከጸጉር አስተካካዩ ግድግዳ ላይ ባለ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ መሬት ለመሬት የተጋደመች የድሮ መኪና ሥዕል አዩ። ጸጉራቸው ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ተነሥተው ቀርበው አዩት። “መኪና እንዲህ ነው” አሉ። “ሌላው ሁሉ ተራውን ቆሞ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።”

በማግሥቱ የብረት መጋዝ አመጡ። ሞላ የሚሉት፣ መኪናዋን ከጎማዎቿ በላይ ከፍ አድርጎ የሚይዘው የብረት ጥቅልል አለ፤ የፊቶቹን ሁለቱን አወጡና ከግራው አንድ ዙር ተኩል ቆረጡ። የቀኙን ጀምረው ሳለ ስልክ ተደወለ። ሲመለሱ ቁጥሩ ጠፍቷቸው ሁለት ዙር ቆረጡ። መኪናዋ ስትገጠም ጆሮዋን ወደ ጎረቤት እንዳዘነበለች ሴት ወደ ቀኝ ጋደለች። ስለዚህ ከግራው እንደገና ተቆረጠ። አሁን ወደ ግራ ጋደለች። ስለዚህ ከቀኙ።

እህትየዋ ሸሚዝ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር።

“ወንድም ጋሼ፣ ሱሪ እንዲህ አድርጎ የሚያሳጥር ልብስ ሰፊ አውቅ ነበር” አለች በቀስታ። “ደንበኛው በቁምጣ ነው የሄደው።”

“ይሄ ጨርቅ አይደለም እቴ። ብረት ነው።”

“ብረት ከሆነማ ጭራሽ አይቀጠልም።”

አልሰሟትም። በማታው ላይ መኪናዋ ቀጥ አለች፤ ከመሬት ስምንት ጣት የነበረችው አራት ጣት ሆናለች። ወደ ኋላዋም ሄደው ያንኑ ያህል አወረዷት። ጋሽ አራት ጣት እጃቸውን በቤንዚን እየታጠቡ “ያሰብኳት ይቺን ነበር” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ዕረፍት አጣ። መኪናዋ ስትነጥር የሚያረጋጋት አሞርዛተር የሚባል ዕቃ በየሁለት ወሩ ይሰበር ጀመር። መካኒኩ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያስረዳቸው ነበር።

“ጋሼ፣ አሞርዛተሩ የሚሠራበት ቦታ የለውም እኮ። ታጥፎ ነው የሚኖረው፤ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንዳለ ዘጠኝ ቤተሰብ።”

“የድሮው ጥራት የለውም ማለትህ ነው።”

“የድሮውን ራሱን እኮ ነው ያወጣሁልዎ።”

“እንግዲያው ችግሩ መንገዱ ነው።”

ይቺ ቃል የእሳቸው ማኅተም ናት። “መኪናዋ ምንም የላትም፤ ችግሩ መንገዱ ነው።” ማርሚታው፣ ያ የጭሱ ቱቦ ድምፅ ማፈኛ፣ አስፋልት እየፋቀ እሳት ሲተፋ ችግሩ መንገዱ ነው። እህትየዋ ከኋላ ተቀምጣ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ችግሩ መንገዱ ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ እንኳን የት እንደደረሱ በወገቧ ታውቀዋለች፤ ድንጋይ ንጣፉ ወገቧን ቶሎ ቶሎ ይነካዋል፣ የድልድዩ መገጣጠሚያ አንድ ጊዜ ከባድ ምት አለው፣ የገበያው ጀርባ ደግሞ ምንም ስም አይወጣለትም።

ከሁሉ የከፉባቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎቹ ናቸው። ቆጣሪ ሲያነቡ የለመዱትን ዓይነት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝተው የከተማውን ጉብታ ሁሉ መዘገቡ። እንዲህ ይላል፦ “የትምህርት ቤቱ በር፣ ስድስት ጣት፣ ክፉ። የነዳጅ ማደያው ጥግ፣ አምስት ጣት፣ በሰያፍ ይታለፋል። የዳኞች መኖሪያ፣ ሦስት ጣት፣ የተማረ ሰው ያሠራው ይመስላል።” ለመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ ጻፉ፤ የጉብታዎች ቁመት ከአራት ጣት እንዳይበልጥ በትሕትና አመለከቱ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። “ማመልከቻዎ ደርሶናል። የማን ጣት እንደሆነ ይገለጽልን” ይላል። ክቡርነታቸው ቅር ሳይላቸው መዳፋቸውን ወረቀት ላይ ዘርግተው በእርሳስ ዙሪያውን ሥለው፣ ፈርመው ላኩ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። መዳፋቸው ግን እዚያ ፋይል ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሰው የመጫን ሥርዓታቸውም የታወቀ ነው። ግራው ሞላ ከቀኙ ትንሽ ስለሚደክም ከባድ ሰው በቀኝ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሦስት ጎረቤቶች የታመመ ሰው ሊጠይቁ አብረዋቸው ተነሡ፤ ከእነዚህ አንዷ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ነበረች።

“እርስዎ ስንት ኪሎ ነዎት?” አሏት በሩን ከፍተው።

“ምን አሉኝ?”

“ለመኪናዋ ነው።”

“ለመኪናዋ ይንገሯት፤ እኔ እሷን አልጠየቅኋትም፣ እሷም እኔን አትጠይቀኝ።”

በቀኝ አስቀመጧት። ጉብታ ሲደርሱ “በሉ፣ ውረዱ” ይላሉ፤ ሁሉም ይወርዳሉ፤ መኪናዋ እንደ ድመት በሆዷ እየተሳበች ታልፋለች፤ እነሱ በእግራቸው ተከትለው እንደገና ይሳፈራሉ። አራተኛው ጉብታ ላይ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። “ጋሼ፣ እሷ ናት እኛን ይዛን የምትሄደው ወይስ እኛ ነን የምንሸኛት?” አለቻቸው። ሲደርሱ በሽተኛው ተሽሎት ሥራ ገብቷል ተባለ።

የሰፈሩ ሰው በዚህ ሁሉ ይስቃል። እህትየዋም ትስቅ ነበር፤ ቀጠሮዋ እስኪመጣ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። በአንድ ሰዓት ተነሡ፤ በትምህርት ቤቱ በኩል ሄዱ። እሷ ወርዳ ቆመች። ክቡርነታቸው ጉብታውን በሰያፍ ጀመሩት፤ የፊት ጎማዎች አለፉ፤ ከዚያ የመኪናዋ ሆድ ጉብታው ላይ ተቀመጠና ቀረ። ፊቷም ኋላዋም መሬት አይነካም፤ ቢነኳት እንደ ሚዛን ትወዛወዛለች። አራት መምህራን፣ ሁለት ሲሚንቶ ተሸካሚዎችና አንድ ፖሊስ ተሰበሰቡ። ማንሣቱ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይፈጅም ነበር፤ ግን ክቡርነታቸው በየት በኩል እንደምትያዝ ማስተማር ነበረባቸው። “በዚያ አይደለም። ቀለሟ ነው። በዚህ፣ ከሥር፣ እንደ ሰው ያዟት።”

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ነርሷ ካርዷን አይታ “እማማ፣ የዛሬው ዝርዝር ተዘግቷል” አለቻት። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ቀን ጻፈችላት። “ይሄ ካለፈዎ ግን ስምዎ ከመጨረሻ ነው የሚገባው። ዓመት ሊፈጅ ይችላል።”

እህትየዋ “እሺ” አለች። ሰው ፊት ከዚያ በላይ አይወጣትም። ደጅ ወንድሟ መስኮት እየወለወሉ ጠበቋት። ስትነግራቸው ጨርቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ “ችግሩ መንገዱ ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል።

ሦስቱን ወር እህትየዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ስታጠና ከረመች። “ወንድም ጋሼ፣ እኔ በታክሲ እሄዳለሁ።” ይኸው ነው። አልጋዋ ላይ ትለዋለች፤ ልብስ ስታጥብ ትለዋለች። ፊታቸው ስትቀርብ ግን “ሻይ ላፍላልዎት?” የሚለው ይቀድማታል።

“አንቺ ምን ነካሽ?” ትላታለች የዳቦ ቤቷ ባለቤት። “ዓይንሽ ነው እኮ። ታክሲ እኔ እጠራልሻለሁ።”

“ቅር ይላቸዋል።”

“ይበላቸው።”

“‘እኔ እያለሁ በሰው መኪና’ ይላሉ።”

“ባይኖሩ እኮ ይኼኔ ድነሽ ነበር” አለች የዳቦ ቤቷ ባለቤት፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች።

በዚያ ሰሞን ጋሽ አራት ጣት በየማክሰኞው ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ መኪናዋን ትተው፣ በእግራቸው እየወጡ ግማሽ ቀን ይጠፉ ነበር። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። በዕቃ መጋዘኖቹ ጀርባ የሚዞር አዲስ መንገድ አግኝተዋል። ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ነው፤ ጉብታው ግን ከአሥራ አንድ ወደ ሁለት ወርዷል፤ ሁለቱም ሦስት ጣት ተኩል ናቸው፤ አንዱ የመጋዘኑ መውጫ፣ አንዱ የሐኪም ቤቱ በር። “መውረድ እንኳን አያስፈልግሽም” አሉ። ክብደት ለመቀነስ ትርፍ ጎማውንና የኋላውን መቀመጫ አውጥተዋል። እሷ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ትቀመጣለች።

ዓረፍተ ነገሯ ጉሮሮዋ ድረስ መጥታ ተመለሰች።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጡ። በመጋዘኖቹ ጀርባ በሰው እርምጃ ነው የሚሄዱት። ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ደረሰባቸው፣ በመስኮቱ ሰላም አላቸው፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ነገራቸውና ቀድሟቸው ሄደ። እህትየዋ እጆቿን አጣምራ ሰዓቱን በልቧ ትቆጥራለች።

“ሰግተሻል?” አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

“ትንሽ።”

“የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሽ ትኩሳት ይዞሽ አዝዬሽ ክሊኒክ ወስጄሻለሁ። ያኔም ሰው ሁሉ ያልፈን ነበር።”

ይህን ነግረዋት አያውቁም። ማንም ነግሯት አያውቅም። ቤት ውስጥ ጋሽ አራት ጣት ራት የሚበሉት ከሬዲዮው ጋር ነው፤ የሚናገሩት ስለ ሞላ ብቻ ነው። “አለቀስኩ?” አለች።

“ጆሮዬን ይዘሽ ነበር። እንደ መሪ። ወደ ግራ ስትጎትቺኝ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትጎትቺኝ ወደ ቀኝ።” ቀጥለው “ጠጠር” አሉ፤ ቆመው፣ ወርደው፣ አንሥተው ተመለሱ። ወሬውም እዚያው ቀረ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጋሽ አራት ጣት ፍሬን ያዙ። ሦስት ጣት ተኩል ብለው የመዘገቡት ጉብታ የለም። በምትኩ አዲስ፣ ገና ቢጫ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ዳቦ የነፋ ጉብታ ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል። ወርደው ተንበረከኩ። አራት ጣት ገጠሙ፣ በላዩ ላይ ሌላውን እጅ ጨመሩ።

“ሰባት” አሉ። “ባለፈው ማክሰኞ እኮ አልነበረም። ዘበኛ፣ ይሄ መቼ ነው የተሠራው?”

“ሐሙስ ነው ጋሼ። አምቡላንሶቹ ይበራሉ ተብሎ።”

“ማን ፈቀደ? ኃላፊው የት ነው? ጠብቂኝ እቴ፣ መጀመሪያ ኃላፊውን…”

ከኋላቸው መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። እህትየዋ የመኪናዋን በር ከፍታ፣ ከብርድ ልብሱ ላይ ወደ ጎን ተንከባላ፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ወጣች። ሦስት ወር ያጠናችውን ረሳችው። የወጣው ሌላ ነው።

“ወንድም ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ይለኩታል። እኔ ገባሁ።”

“ብቻሽን? አታዪም እኮ።”

“ባላይ ነው እኮ የምሄደው።”

ከዚያ በፊት ጀርባዋን ሰጥታቸው አታውቅም። የአጥሩን ግድግዳ በመዳፏ እየዳሰሰች፣ ነጭ የለበሰ ሁሉ ነርስ እየመሰላት፣ አንዱን ቀለም ቀቢ “እህቴ” ብላ መንገድ ጠይቃ፣ ስሟ ሊጠራ ሁለት ሰው ሲቀረው ደረሰች።

አልጋው ላይ ተኝታ ዓይኗን የሚያደነዝዝ ጠብታ ሲደረግላት ነርሷ ታወራት ነበር።

“እማማ፣ እኚያ በር ላይ የቀሩት ወንድምዎ ናቸው?”

“ናቸው።”

“በየማክሰኞው ይመጡ ነበር እኮ። በሩ ላይ ተንበርክከው ይለኩና ይጽፋሉ። ዘበኛው መጀመሪያ የወደቀባቸው ነገር ያለ መስሎት አብሯቸው ሲፈልግ ነበር። ከዚያ ገብተው እዚህ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ዶክተሩን አስቆሟቸው።”

“ምን ብለው?”

“‘እስቲ እጅዎን ይዘርጉልኝ’ ብለው። ዶክተሩ ሰላምታ መስሏቸው ዘረጉ። ወንድምዎ አልጨበጡም፤ ጎንበስ ብለው ጣቶቻቸውን አዩ፣ ብዙ ቆይተው። ‘አይንቀጠቀጥም’ ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉና አመስግነው ሄዱ።”

እህትየዋ ሳቋ መጣ፤ እንዳትንቀሳቀስ ተነግሯት ነበርና ዋጠችው።

ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ኮሪደሩ ላይ ስትቀመጥ ነርሷ ትእዛዙን ቆጠረችላት። ዛሬ ጎንበስ ማለት የለም። አቧራ የለም። ከባድ ነገር የለም። ግቢውን በእግር ማቋረጥም የለም፤ መኪናው እስከዚህ በር ድረስ ይምጣ።

“የእኛ መኪና አትገባም” አለች እህትየዋ።

“ለምን?”

እንዴት እንደምታስረዳ ስታስብ ከውጭ አንድ ድምፅ ተሰማ። ብረት ሲፋጭ፣ አንድ ነገር ሲሰበር፣ ከዚያ የእህል ወፍጮ የመሰለ ጩኸት። ጩኸቱ እየቀረበ መጣ። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ። ከዚያ ጸጥ አለና ጋሽ አራት ጣት በበሩ ገቡ። በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘዋል።

“ገባች” አሉ።

“ማርሚታዋስ?”

“በሩ ላይ ቀርታለች። በቀበቶዬ ላስራት ሞክሬ ነበር፤ ቀበቶው ተቃጠለ።”

ዘበኛው በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ትኩስ ነገር እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ እየቀያየረ፣ ማርሚታውን ይዞ ተከትሏቸው መጣ። “ጋሼ፣ ይቁሙ እያልኩዎ እኮ ነው የነዷት” አላቸው።

“ሰምቼሃለሁ።”

“በቀስታ እንኳን ቢሆን…”

“በቀስታ ሞክሬ ነበር። ‘መኪናው እስከ በር ድረስ ይምጣ’ መባሉን ከሚወጡት ሰዎች ሰማሁ። ከዚያ በፍጥነት ሞከርኩ።”

መኪናዋን ከቆረጧት ወዲህ አንዲት ጠጠር ረግጠው የማያውቁ ሰው ናቸው ይህን የሚሉት። እህትየዋ ድምፃቸው ወደመጣበት ዞረች። “ሱሪዎን አጥብቀው ይያዙ” አለቻቸው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጎንበስ አትበይ የተባለች ሴት ከጉልበት በታች የሆነች መኪና ውስጥ እንዴት ትገባለች? ነርሷ አየች፣ ዘበኛው አየ፣ ክቡርነታቸው በሩን ከፍተው ጎንበስ ቀና አሉ። በመጨረሻ ጀርባዋን ለመኪናዋ ሰጥታ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ነርሷና ዘበኛው በሁለት ክንዷ ይዘው እንደ ብርጭቆ ዕቃ ቀስ አድርገው አወረዷት። “ሰው ወደ ጉድጓድ ስናወርድ ነው የምንመስለው” አለ ዘበኛው። ጋሽ አራት ጣት በነጻው እጃቸው የበሩን ጫፍ ከጭንቅላቷ በላይ ከልለው ያዙ። መሪው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት ወደ ፊት እያዩ ተናገሩ።

“ችግሩ ሞላው ነው። ከፍ ትደረጋለች። ቃሌ ነው።”

በማግሥቱ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ፋሻውን ፈታችላት። እህትየዋ መስኮቱ ጋ ሄዳ ክር ያዘች፤ በመጀመሪያው ገባ። አውጥታ እንደገና አስገባችው። ከዚያ ዙሪያዋን አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቁር የመሰላት መኪና አረንጓዴ ናት፤ አጠገቧ ካለው ቅጠል ጋር ትሄዳለች። የወንድሟ አገጭ ላይ ምላጭ የሳተው ነጭ ጺም አለ፤ ያረጁትን ያህል ማንም አልነገራትም ነበር። ለልብስ ሰፊው መልእክት ላከች፤ በሦስተኛው ቀን ሃያ ሸሚዝ መጣላት።

በሳምንቱ ክቡርነታቸው ቃላቸውን ለመፈጸም ተነሡ። አዳዲስ፣ ያልተቆረጡ፣ ረጃጅም ሞላዎች በጆንያ ይዘው መጡና የቤቱ ኮሪደር ላይ አስቀመጡ።

“ምሳዎን ይብሉና ዛሬውኑ መካኒኩ ጋ ይውሰዷት” አለች እህትየዋ። “የቀኝ ዓይኔ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።”

“እወስዳታለሁ።”

“ዛሬ።”

“ዛሬ አልኩሽ እኮ።”

ከምሳ በኋላ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። መኪናዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እህትየዋ ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ግቢው በር ላይ የዳቦ ቤቷ ባለቤትና መካኒኩ ቆመዋል፤ ወንድሟ በእጃቸው የጉብታውን ቁመት እያሳዩ ነው። ጉብታው ከሐኪም ቤቱ ቀን ወዲህ በወሬያቸው አድጎ ዘጠኝ ጣት ደርሷል።

“አሁን ክር በአንድ ጊዜ ነው የምታስገባው” ይላሉ። “እኔ ነኝ የወሰድኳት።”

“እስከ በሩ ነው የወሰዱኝ ብላኛለች” አለች የዳቦ ቤቷ ባለቤት።

“መልሱንስ?”

“መልሱን እውነትዎን ነው፤ እኛም ቤታችን ሆነን ሰምተናል።”

መካኒኩ ሳቀ። ጋሽ አራት ጣትም ሳቁ። ጥርሳቸው አንዱ እንደሌለ እህትየዋ ያየችው ያኔ ነው።

ሸሚዙን አስቀመጠችና የቀጠሮ ካርዷን ከመሳቢያ አወጣች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይላል። ከፍ ባለች መኪና፣ በዋናው መንገድ፣ ሃያ ደቂቃ ነው። በመጋዘኖቹ ጀርባ ግን ጊዜው ብዙ ነው፤ የትኛው ክሊኒክ እንደነበር፣ ጆሯቸውን እስከ የት ድረስ ይዛ እንደሄደች፣ ትኩሳቱ መቼ እንደለቀቃት ለመጠየቅ ይበቃል። እርሳስ አንሥታ ከካርዱ ጀርባ ላይ “ከቤት መነሻ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል” ብላ በጥንቃቄ ጻፈች።

ሲመሽ ጋሽ አራት ጣት ገቡ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ሬዲዮውን ከፈቱ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ጆንያ ሲያልፉ አላዩትም፤ ወይም አይተው ዓይናቸውን አዞሩ። እህትየዋ “ወሰዷት?” ብላ አልጠየቀችም። ራት አቅርባ ስትመለስ ጆንያውን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ከበሩ ጀርባ አስጠጋችው።

ሞላዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። የጆንያው አፍ አልተፈታም።